346 ሰው ሞቶ ክሱ ተዘጋ፦ «ቦይንግ በቂ ቅጣት አግኝቷል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲላላክ የነበረ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። ስለ ቦይንግ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኩባንያው ላይ የነበረውን የወንጀል ክስ መተዉ ትክክል ነው። የሆነው የምህንድስና ስሕተት እንጂ ወንጀል አይደለም። አብራሪዎቹም የጥፋቱ ድርሻ አላቸው። ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፍሏል፤ ክሱ ቢቀጥል የሚጎዱት ሠራተኞቹና እንደ አየር መንገዳችን ያሉ ደንበኞቹ ናቸው። ደግሞም አንድ ሰው ተከሶ ነጻ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሕግ ሥራውን ሠርቷል። መጨረሻ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ሐዘናችንን ይዘን ወደፊት እንድንሄድ ይመክራሉ።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊውም ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ነገር ግን ነጥቦቻቸው አንድ በአንድ ሲታዩ ውኃ የሚያነሱ አይደሉም። እንደ እሳቸው የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የሆነውን ላስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ነው። ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ተከሰከሰ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች ሞቱ። የተረፈ የለም። ከሳምንት በኋላ የ17ቱ ኢትዮጵያውያን የቀብር ሥነ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲፈጸም፣ ሰንደቅ ዓላማ የለበሱት ሣጥኖች ውስጥ አስከሬን አልነበረም። ለቤተሰቦች የተሰጣቸው አደጋው ከደረሰበት ቦታ የተዛቀ አፈር ነው። ከዚያ ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር እየበረረ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 346 ነው።

የወንጀሉ መዝገብ ደግሞ እንዲህ ሄደ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍትሕ ሚኒስቴሩ ቦይንግን «አሜሪካን ለማታለል በማሴር» ወንጀል ከሰሰና በዚያው ቀን ክሱን ለሦስት ዓመት ለማቆየት ተስማማ። ኩባንያው በነዚህ ዓመታት ግዴታውን ከተወጣ ክሱ ይነሳለታል ማለት ነው። የሦስት ዓመቱ ጊዜ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጥር 2024፣ የአላስካ ኤርላይንስ ማክስ አውሮፕላን አየር ላይ እያለ የጎኑ መዝጊያ ተገንጥሎ ወደቀ። ሚኒስቴሩም ቦይንግ ስምምነቱን ጥሷል አለ። ኩባንያው በሐምሌ 2024 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ለመቀበል ተስማማ። ዳኛው ግን የስምምነቱን ይዘት በታኅሣሥ ውድቅ አደረጉት። በግንቦት 2025 ሚኒስቴሩ ሌላ ስምምነት ይዞ መጣ፤ በዚህኛው ጥፋተኛ የሚባል አካል የለም። ኅዳር 6 ቀን 2025 ዳኛ ሪድ ኦኮነር መዝገቡን ዘጉት። ሲዘጉ ግን ይህ መዘጋት የሕዝብን ጥቅም ያስጠብቃል ብለው እንደማያምኑ፣ ሆኖም ሕጉ ዐቃቤ ሕጉን ለማስቆም ሥልጣን እንደማይሰጣቸው ጽፈዋል። እኚሁ ዳኛ በ2023 የቦይንግ ወንጀል በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የፈጀ የድርጅት ወንጀል ሊባል እንደሚችል ጽፈው ነበር።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

«የምህንድስና ስሕተት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም»

ስሕተት ወንጀል እንዳልሆነ እስማማለሁ። ማንም ይሳሳታል። ቦይንግ የተከሰሰው ግን ተሳስተሃል ተብሎ አይደለም። የተከሰሰው ያወቀውን ለተቆጣጣሪው ደብቀሃል ተብሎ ነው። ጸሐፊው ይህን ልዩነት ስላለፉት ጽሑፋቸው በሙሉ ከመጀመሪያው መስመር ስቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክስ ትላልቅ ሞተሮች ስለተገጠሙለት ቦይንግ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ጨመረበት። ሶፍትዌሩ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ ሲያስብ አብራሪው ሳያዘው አፍንጫውን ወደታች ይገፋል። መረጃ የሚወስደው ከአንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። ያ አንድ ሴንሰር ከተበላሸ ሶፍትዌሩ ጤነኛውን አውሮፕላን ወደ መሬት ይነዳዋል። በመጀመሪያው ንድፍ ኤምካስ አፍንጫውን የሚገፋበት መጠን ትንሽ ነበር። በኋላ ከአራት እጥፍ በላይ ጨመረ፤ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ተደረገ። ስለ አብራሪዎች ሥልጠና የሚወስነው የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ክፍል ይህን ለውጥ በጊዜው አልተነገረውም። ኤምካስም ከአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ወጣ። እንግዲህ የኛ አብራሪዎች እንዲህ ያለ ነገር አውሮፕላኑ ውስጥ መኖሩን ከመጽሐፉ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ለምን ተደበቀ? እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ የሚመጣው። ቦይንግ ማክስን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የድሮውን 737 የሚያበር አብራሪ አጭር የኮምፒዩተር ትምህርት ወስዶ ማክስን ማብረር ይችላል ይል ነበር። የምስለ በረራ (ሲሙሌተር) ሥልጠና አያስፈልግም። ይህ ለአየር መንገዶች ትልቅ ቁጠባ ነው። ሳውዝዌስት ከተባለው አየር መንገድ ጋር የነበረው ውል ደግሞ የምስለ በረራ ሥልጠና ግዴታ ከሆነ ቦይንግ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ ይላል። ኤፍኤኤ የኤምካስን እውነተኛ ጉልበት ቢያውቅ ሥልጠናውን ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ አለማወቁ ገንዘብ ያወጣ ነበር።

በኅዳር 2016 የቦይንግ ዋና ቴክኒካል አብራሪ ለባልደረባው በጻፈው መልእክት፣ ኤምካስ በምስለ በረራ ላይ እንዳስቸገረውና ሳያውቅም ቢሆን ተቆጣጣሪዎቹን እንደዋሸ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ግን ያወቀውን ለተቆጣጣሪዎቹ አልነገረም፤ ኤምካስ ከመመሪያው እንዲወጣ ጥያቄው ቀጠለ። ቦይንግ ራሱ በ2021ዱ ስምምነት ላይ ሁለት ቴክኒካል አብራሪዎቹ ኤፍኤኤን ማታለላቸውን አምኖ ፈርሟል። ኩባንያው ያመነውን ነገር ጸሐፊው ስለ ኩባንያው ተከራክረው ሲክዱለት ማየት ያስገርማል።

«አብራሪዎቹም ድርሻ አላቸው»

ይህ ነጥብ ያስቆጣኛል፤ አልደብቅም። ሙት ወቃሽ መሆን በባህላችን ነውር ነው። ግን ስሜቴን ትቼ በማስረጃ ልመልስ።

የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድና የፈረንሳይ መርማሪዎች የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን ሥራና የሥልጠናቸውን ጉዳይ በበቂ አላየም ብለው ቅሬታ ማቅረባቸው እውነት ነው። ጸሐፊው ይህን መጥቀሳቸው አግባብ ነው። ያልጠቀሱት ግን ይበልጣል። ቦይንግ በኅዳር 2021 ቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከተጎጂ ቤተሰቦች ጋር ባደረገው ስምምነት የበረራ 302ን አደጋ ኃላፊነት ወስዷል፤ አውሮፕላኑ ለደኅንነት አስጊ ሁኔታ እንደነበረበትና አብራሪዎቹ ጥፋተኛ እንዳልሆኑ ተቀብሏል። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አህመድ ኑር የተከሰሱበትን ነገር ከሳሹ ራሱ አንስቶታል ማለት ነው። ታዲያ ጸሐፊው ለማን ብለው ይሟገታሉ?

ሌላም አለ። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ቦይንግ ለአየር መንገዶች መጀመሪያ የላከው ማሳሰቢያ የኤምካስን ስም እንኳ አልጠራም። ኤፍኤኤ ያኔ የሠራው የውስጥ ግምገማ፣ ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በማክስ አውሮፕላኖች የአገልግሎት ዘመን ውስጥ ከ15 በላይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። ይህን ሁሉ ያወቁት ሰዎች ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ያላወቁት ሁለቱ ኮክፒት ውስጥ።

ከዚህም በላይ፣ የተባለው ማታለል የተጀመረው አደጋዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ነው። ተቆጣጣሪን ማታለል አብራሪው በኋላ ጥሩ ሠራ መጥፎ ሠራ ተብሎ የሚሰረዝ ወንጀል አይደለም።

«ከበቂ በላይ ከፍሏል»

ጸሐፊው የ2.5 ቢሊዮን ዶላሩን ቁጥር ደጋግመው ጽፈዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እንዲያስደነግጥም ተደርጎ ነው የተነገረው። እስቲ ፈታ አድርገን እንየው።

ከ2.5 ቢሊዮኑ 1.77 ቢሊዮኑ የሚሄደው ለአየር መንገዶች ነው፤ አውሮፕላኖቻቸው ቆመው ለደረሰባቸው ኪሳራ። ይህ የንግድ ካሳ ነው። ወንጀል ባይኖርም ደንበኛን ላለማጣት የሚከፈል ነው። 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች ነው። የወንጀል መቀጮ የሚባለው የቀረው 243.6 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ከጠቅላላው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ 243.6 ሚሊዮን ከየት መጣ? ስምምነቱ ውስጥ ተጽፏል። ቦይንግ የምስለ በረራ ሥልጠናውን ባለማካሄዱ ያተረፈው ገንዘብ ግምት ነው። ይህን አንብቤ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። መቀጮው ከማታለሉ ከተገኘው ትርፍ ጋር እኩል ነው። ሌባ የሰረቀውን ብቻ መልሶ ቢሄድ ተቀጣ አንልም። በ2025ቱ ስምምነት መቀጮው በእጥፍ ይሰላና ቀድሞ የተከፈለው ይቀነስለታል። ያም ሆኖ ለዚህ ዓይነት ኩባንያ ይህ ገንዘብ የጥቂት አውሮፕላን ሽያጭ ነው።

ጸሐፊው እስር የሞተውን አያስነሳም ይላሉ። እውነት ነው። ገንዘብም አያስነሳም። ሟችን የሚያስነሳ ቅጣት ስለሌለ ቅጣት ይቅር ካልን በነፍስ ማጥፋት የሚጠየቅ ማንም አይኖርም። ቅጣት የሚያስፈልገው ነገ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ለተቆጣጣሪው ልንገር ወይስ ልተወው ብሎ ለሚያመነታው ሰው ነው። ያ ሰው የሚያየው ምንድን ነው? በታኅሣሥ 2019 ከሥራ የተሰናበቱት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙለንበርግ በአክሲዮንና በጡረታ መልክ 62 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይዘው መሄዳቸውን ነው።

«ክሱ ኩባንያውን ያፈርሳል፤ እኛንም ይጎዳል»

የጸሐፊው ጠንካራ ክርክር ይህ ነው። ምሳሌ ያደረጉት አርተር አንደርሰን የተባለውን የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ነው። በ2002 ተከሶ ተፈረደበት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተበተኑ፤ በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። ምሳሌው ይከብዳል፤ በቀላሉ አላልፈውም። ምንም የማያውቅ ጸሐፊና ተላላኪ ሥራ አጥቷል።

ግን ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው ትምህርት ሰዎቹን ጠይቁ የሚል ነው። ድርጅቱ እንዳይፈርስ ተፈርቶ ድርጅቱ ቢተው እንኳ ግለሰቦቹን መክሰስ ሠራተኛ አያፈናቅልም። አሜሪካ ይህን አድርጋ ታውቃለች። ከ1980ዎቹ የቁጠባና ብድር ባንኮች ቀውስ በኋላ ከ1,000 በላይ የባንክ ሰዎች ተፈርዶባቸዋል፤ የአሜሪካ ባንክ ሥርዓት ከዚያ በኋላም ቆሟል። የፈረሰው የኢነርጂ ኩባንያ የኤንሮን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጄፍሪ ስኪሊንግ 12 ዓመት ያህል ታስሯል።

ድርጅትንም ፍርድ ቤት ማቆም ድርጅትን መግደል አይደለም። ፈረንሳይን እንይ። በ2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በወደቀው የኤር ፍራንስ 447 አደጋ 228 ሰዎች ሞተዋል። ፈረንሳይ ኤርባስንና ኤር ፍራንስን በ2022 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል በግልጽ ችሎት አቆመቻቸው። በሚያዝያ 2023 ነጻ ወጡ፤ ጉዳዩ በይግባኝ እንደገና ታየ። ኤርባስ አልፈረሰም። ቤተሰቦቹ ግን መሐንዲሶችና ኃላፊዎች ችሎት ቀርበው ሲጠየቁ ሰምተዋል። የኛ ሟቾች ቤተሰቦች ያጡት ይህን ነው።

አየር መንገዳችንን በተመለከተ፣ ማክስን ከየካቲት 2022 ጀምሮ እንደገና ያበራል፤ በኅዳር 2023 ተጨማሪ 20 ማክሶች አዝዟል። ንግዱ የራሱ ምክንያት አለው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ግን አውሮፕላን የሚገዛ ሰው ፍትሕ የመጠየቅ መብቱን አብሮ አይሸጥም። እንዲያውም ማክስ ውስጥ በየቀኑ የምንሳፈረው እኛ ስለሆንን ከማንም በላይ ይመለከተናል።

«አንድ ሰው ተከሶ ነጻ ወጥቷል፤ ሕግ ለሁሉም እኩል ሠርቷል»

ተራ ሰው ወንጀል ሲጠረጠር ከሱ በላይ ማን አለ ተብሎ ይመረመራል። በቦይንግ ጉዳይ የተከሰሰው ግለሰብ አንድ ነው። መልእክቱን የጻፈው ያው ዋና ቴክኒካል አብራሪ። በጥቅምት 2021 ተከሰሰ፤ በመጋቢት 2022 ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ውስጥ ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች (ጁሪ) ሁለት ሰዓት ሳይሞላቸው ነጻ አወጡት። ጠበቆቹ የተከራከሩት መሐንዲሶቹ የኤምካስን ለውጥ አልነገሩትም፣ የበላዮቹ ጥፋት በሱ ላይ ተላክኳል ብለው ነው። ዳኞቹ የሰሙት ይህንን ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይሉታል አባቶች። ሰውየው ነጻ መውጣቱ በላይ ያሉት ንጹሕ ለመሆናቸው ማስረጃ አይሆንም። እነሱ አልተጠየቁም።

ያልተጠየቁበት ምክንያት የ2021ዱ ስምምነት ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ጥፋቱ በድርጅቱ ውስጥ የተንሰራፋ አይደለም፣ ብዙ ሠራተኛ አልተሳተፈበትም፣ ከፍተኛ አመራሩም አላመቻቸውም ይላል። በግልጽ ችሎት ማንም ሳይመሰክር፣ ማንም በመስቀለኛ ጥያቄ ሳይፈተሽ፣ ዐቃቤ ሕግ ለአመራሩ የንጽሕና ምስክር ወረቀት ጻፈለት። የሟች ቤተሰቦች ደግሞ ስምምነቱን የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነው። እንዲያውም ቀደም ብለው ለጠየቁት ምርመራ የለም የሚል መልስ ተሰጥቷቸው ነበር። ዳኛው በጥቅምት 2022 እነዚህ ቤተሰቦች በሕጉ የወንጀል ተጎጂዎች ናቸው ብለው እስኪወስኑ ድረስ የመደመጥ መብት እንኳ አልነበራቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ጸሐፊው ቢያስቡበት እወዳለሁ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በመስከረም 2022 ቦይንግን 200 ሚሊዮን ዶላር፣ ሙለንበርግን በግላቸው 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል። ጥፋቱን ባያምኑም ባይክዱም ከፍለዋል። ምን አደረጋችሁ ተብለው? ከአደጋዎቹ በኋላ ስለ ማክስ ደኅንነት ባለአክሲዮኖችን አሳስታችኋል ተብለው። ስለዚህ የዋና ሥራ አስፈጻሚው ስም መዝገብ ላይ የሰፈረው ባለገንዘቦች ስለተታለሉ ነው። ለ346 ሰዎች ሞት የሰፈረ የአንድ ከፍተኛ ኃላፊ ስም ግን የለም። የደም ምርመራ ኩባንያው የቴራኖስ መሥራች ኤልዛቤት ሆምስ ከ11 ዓመት በላይ ሲፈረድባት ጥፋተኛ የተባለችው ባለሀብቶችን በማታለል ነው፤ ታካሚዎችን በሚመለከቱት ክሶች ነጻ ወጥታለች። የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያው የኤፍቲኤክስ መሥራች ሳም ባንክማን ፍሪድ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ታላላቅ ሰዎችን ማሰር የማይቻል ቢሆን ኖሮ እነዚህም አይታሰሩም ነበር። የገንዘብ ባለቤት ሲታለል መንገዱ ይገኛል። ቢሾፍቱና ጃቫ ባሕር ላይ የሞተው መንገደኛ ሲሆን ድርድር ይመጣል።

እኩልነቱን ከታች ካለው ሰው ጋርም እናስተያየው። የቦይንግ መዝገብ የነበረው ፎርት ዎርዝ ነው። በዚሁ ከተማ በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት ዓመት እስራት ተፈርዶባታል። ጥፋቷ ከእስር ወጥታ በክትትል ላይ እያለች በ2016 ምርጫ ድምፅ መስጠቷ ነው። ድምፁ በጊዜያዊነት የተያዘ ነበር፤ አልተቆጠረም። አለመፈቀዱን አላውቅም ነበር አለች። ይግባኝ ሰሚው ነጻ ያወጣት በ2024 ነው። ፍርድ ቤቶቹ የተለያዩ መሆናቸውን አውቃለሁ። ግን አላውቅም ያለችው ሴት ስድስት ዓመት ስትንከራተት፣ አውቄያለሁ ብሎ የፈረመው ኩባንያ አንድ ቀን እንኳ የፍርድ ክርክር አላደረገም። በጥር 2023 ችሎት ሲቀርብም ወረቀት ላይ ያመነውን ትቶ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል።

ወደ አገራችንም ልምጣ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543ን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። በቸልተኝነት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች እንዲሞቱ ያደረገ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር የፍሬኑን ችግር እያወቀ ደብቆ ቦሎ አወጣ እንበል። ከዚያ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሰው ፈጀ። ይህ ሹፌር ከቦታው ወደ ጣቢያ ነው የሚወሰደው። ቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ ካሳ ከፍሎ ቢታረቅ እርቁ ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል። ክሱን ግን አያዘጋለትም። እርቅ ውስጥም ቢሆን አጥፊው መጀመሪያ በሽማግሌ ፊት ቆሞ አጥፍቻለሁ ይላል። የቦይንግ ነገር ከዚህ ሹፌር በምን ይለያል? ቦሎውን ያወጣው ከኤፍኤኤ መሆኑ ነው? ሹፌሩ ጠበቃ ማቆም አለመቻሉ ነው? እኔ ሹፌሩ ይፈታ አልልም። ሁለቱም ችሎት ፊት ይቁሙ ነው የምለው።

«ሐዘናችንን ይዘን ወደፊት እንሂድ»

ይህን ምክር ለመስጠት ጸሐፊው ከሟች ቤተሰቦች ማንንም የጠየቁ አይመስለኝም። ቤተሰቦቹ ወደፊት መሄድ እንቢ አላሉም። በጥቅምት 2019 የአሜሪካ ምክር ቤት ሙለንበርግን ሲጠይቅ የሟቾቻቸውን ፎቶ ይዘው ከኋላቸው ተቀምጠዋል። በጥር 2023 ከተለያዩ አገሮች ፎርት ዎርዝ ድረስ ሄደው በዳኛው ፊት ተናግረዋል። በሰኔ 2024 በጠበቃቸው በኩል መቀጮው ከ24 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲሆንና በወቅቱ የነበሩ ኃላፊዎች እንዲከሰሱ ጠይቀዋል። ከአደጋው ወዲህ ባሉት ዓመታት ውስጥ የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ የተንቀሳቀሰው በነሱ ግፊት ነው።

እኛስ? አደጋው የደረሰው በኢትዮጵያ ምድር ነው። የወንጀል ሕጋችን በአገሪቱ ግዛት ውስጥ በተፈጸመ ወንጀል ላይ ይሠራል። ከአሜሪካ ጋር ተጠርጣሪ አሳልፎ የመስጠት ውል ስለሌለን ማንንም አምጥተን እንደማናቆም ይገባኛል። ሆኖም መዝገብ መክፈት፣ ማስረጃ መጠየቅ፣ ስም ጠርቶ ቃል እንዲሰጥ መጥራት ይቻላል። ፈረንሳይ ያደረገችው ይህንን ነው። የፍትሕ ሚኒስቴራችን ይህን ቢያደርግ ቢያንስ ቤተሰቦቹ ብቻቸውን አይቆሙም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሱትም። በ2024ቱ ስምምነት ቦይንግን ለሦስት ዓመት የሚከታተል ገለልተኛ ተቆጣጣሪ እንዲመደብ ተጠይቆ ነበር። በ2025ቱ ይህ ወጣ። በቦታው የገባው ኩባንያው ራሱ የሚቀጥረው አማካሪ ነው። መጀመሪያውኑ የተከሰሰው ተቆጣጣሪን በማታለል እንደነበር ያስታውሱ። ይህ እንዴት አግባብ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስረዱኝ መልሳቸውን በአክብሮት አነባለሁ።